ኦቦ ሞቱማ ስለ እኛ የሞቱ ዕለት

ኦቦ ሞቱማ የሞቱት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የእድር ድንኳን ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እያያቸው። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከሞቱ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረዋል። ላሞቻቸውን አግደዋል፣ አጥራቸውን ጠግነዋል፣ ከአባቴ ጋር ስለ ጎርፍ መውረጃ ተከራክረዋል። ይህ ሁሉ ግን መሞታቸውን አላስተባበለልኝም። ሞተው እንደሚኖሩ የምናውቀው እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን፤ ቃል ስለገባሁ ደግሞ ለማንም አልተናገርኩም።

ቤታችን ቡራዩ ነው፤ ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ፣ ወደ ወንዙ ከሚወርደው ተዳፋት ላይ። ያን ጊዜ ሰፈሩ ደንበኛ ስም አልነበረውም። እናቴ ታክሲ ውስጥ "የት ነው የምትወርጂው?" ስትባል፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ጨረቃ ቤቶቹ ጋ" ትላለች። ድምጿን የምትቀንሰው ሌላው ሰው እንዳይቀናብን ይመስለኝ ነበር። ቤታችንን ጨረቃ እንደሠራችው አልጠራጠርም። ከገፈርሳ ግድብ ውኃ ውስጥ ብቅ ትላለች፣ እጅጌዋን ሰብስባ ጭቃውን ታቦካለች፣ ግድግዳውን በመዳፏ ትለስናለች፣ ሲነጋ ትሄዳለች። ጠዋት ጠዋት ከገፈርሳ በኩል እየተንከባለለ የሚመጣው ጉም ትታው የሄደችው የሥራ ልብሷ ነው። አባቴ ይገዙ የልስን ሠራተኛ ስለሆነ እጁ ሁልጊዜ ነጭ ነበር፤ እናቴ ተስፋነሽ ደግሞ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ስለምትሠራ ፀጉሯ ላይ ነጭ ብናኝ ይዛ ትመጣለች። ሁለቱም የጨረቃ ዘመዶች ይመስሉኝ ነበር።

ጨረቃ ቤት ማለት ካርታ የሌለው፣ አፍራሽ ሳያይ በጨለማ ተጀምሮ ሳይነጋ ቆርቆሮው የሚመታ ቤት መሆኑን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ወላጆቼ ከወላይታ መጥተው፣ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው መዞር ሲሰለቻቸው የገቡበት ነው።

ከእኛ ረድፍ ማዶ፣ ከጭቃው መተላለፊያ ወዲያ፣ የኦቦ ሞቱማ ግቢ ነበር። ኦቦ ሞቱማ የአገሩ ሰው ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም እዚያው መሬት ላይ ያረሱ። ከተማው እየሰፋ መጥቶ የቀራቸው ሰፊ ግቢ፣ ጥቂት ላሞችና ከጓሮ ያለች የባቄላ ማሳ ብቻ ነበሩ። ቤታቸው አረንጓዴ የተቀባ ሰፊ በር ነበረው። ባለቤታቸው አዴ ድንቅቱ ሙሽራ ሆነው የገቡበት ቤት ነው። የእድራችን ሰብሳቢም ኦቦ ሞቱማ ነበሩ። እኔን ሲያዩ "አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?" ይሉኛል፤ "እንዴት ነሽ፣ ልጄ?" ማለታቸው ነው። ከዚያ ከጋቢያቸው ስር የባቄላ እሸት አውጥተው መዳፌን ይሞሉልኛል።

እወዳቸው ነበር፤ ስማቸውን ግን እፈራው ነበር። "ሞቱማ" ውስጥ "ሞት" አለ። ልጅ ስም ሲሰማ እንደ ትልቅ ሰው አይሰማም፤ እንደ ባቄላ ይፈለቅቀዋል።

አዴ ድንቅቱ ያረፉት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው። የእድሩ ድንኳን ግቢያቸው ውስጥ ተተከለ፣ አግዳሚዎቹ ተደረደሩ፣ ኦቦ ሞቱማ ከፊት ተቀመጡ። ሰው እየመጣ በሁለት እጁ ይጨብጣቸዋል፣ በዝቅተኛ ድምፅ አንድ ነገር ይላል፣ ይቀመጣል። ድንኳኑ ሲነሣ አዴ ድንቅቱ አልነበሩም። ስለዚህ የድንኳንን ሥራ አወቅሁ። ድንኳን ማለት መጥቶ የሚቀመጥና ሲሄድ አንድ ሰው ይዞ የሚሄድ ነገር ነው።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል በሰፈራችን መንገድ ሊወጣ ነው ተባለ። መንገድ አልነበረንም። በክረምት የታመመ ሰው በቃሬዛ ነው አስፋልት የሚደርሰው። የውኃ ቦቴ አይገባም። እናቴ በቦት ጫማ ወጥታ፣ አስፋልቱ ላይ ስትደርስ የሥራ ጫማዋን ከፌስታል አውጥታ ትቀይራለች። ስለዚህ ሰው ሁሉ ስለ መንገዱ ሲያወራ ፊቱ ይበራ ነበር። ሦስት እግር ያለው ዓይን የተሸከሙ ሰዎች መጡ፤ በእሱ እያዩ ችካል ቸከሉ፤ ሄዱ፤ እንደገና መጥተው ቸከሉ። በመጨረሻ ቱታ የለበሰ አንድ ሰውዬ የቀለም ጣሳና ብሩሽ ይዞ መጣና የእኛ ረድፍ በሮች ላይ አንድ በአንድ ቀይ ምልክት አደረገ። የእኛው በር ላይ ቀለሙ ሳይደርቅ አንድ ዘለላ ወደ ታች ፈሰሰ።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በዚያው ሰሞን ቸርች ውስጥ የልጆች አስተማሪያችን በግብፅ የሆነውን ነግራን ነበር። በራቸው ላይ ቀይ ምልክት ያለባቸው ሰዎች ምንም አልሆኑም፤ ሞት በሰፈሩ ሲዞር ምልክቱን እያየ አለፋቸው።

"እማዬ፣ ተረፍን" አልኳት።

እናቴ በሩ ፊት ለፊት ቆማ ነበር። ከፀጉሯ ላይ ብናኙን አላራገፈችም። "ማን ነው ተረፋችሁ ያለሽ?"

"ምልክቱ ነዋ። እንዳታጥቢው።"

"ማን ያጥበዋል፤ ለማን ብዬ" አለችና ገባች።

አባቴ ከሥራ ሲመለስ ቀለሙን በጣቱ ነካ አድርጎ ጣቱን አየው። ራቱን ሳይበላ ተኛ። ምልክቱ የሚፈርሱት ቤቶች ምልክት ነበር። እነሱ ፊታቸውን ወደየግድግዳው አዙረው እንቅልፍ ሲያጡ፣ እኔ በመካከላቸው ሆኜ፣ ሞት በመተላለፊያው ሲያልፍ፣ በራችንን አይቶ ራሱን ነቅንቆ ሲሄድ እያለምኩ ነበር።

በሕልሜ ግን ሞት መተላለፊያውን ተሻግሮ ማዶ ቆመ። አረንጓዴው በር ላይ ምንም ምልክት አልነበረም።

በማግስቱ ካፊያ ነበር። አባቴ ከሥራ ቦታ ካመጣቸው የሸክላ ጡብ ስባሪዎች አንዱን አንሥቼ ኩሬ ውስጥ ነከርኩት። ጡብ ሲረጥብ ቀይ ይተፋል። መተላለፊያውን ተሻግሬ፣ በአረንጓዴው በር ላይ የእኛን በር ምልክት እያስታወስኩ መሳል ጀመርኩ። ልጨርስ ስል ከኋላዬ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ።

"ሩታ። ምን እያደረግሽ ነው?"

"ምልክት።"

"የምን ምልክት?"

"እኛ በር ላይ ያለው። የእርስዎን ረስተውት ነው።"

ኦቦ ሞቱማ ሁልጊዜ የሚስቁበት ቦታ ላይ አልሳቁም። ካፊያው ጋቢያቸው ላይ እንደ ጤዛ ተቀምጦ ነበር። ወደ በሩ አዩ፣ ወደ እኛ ቤት አዩ።

"ማን ነው የላከሽ?"

"ማንም።"

"እናትሽ ናት?"

ድምፃቸው ስለተለወጠብኝ ፈራሁና ዝም አልኩ። ዝም ያለ ልጅ ደግሞ አዎ እንዳለ ነው የሚቆጠረው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ በሩን ከፍተው ገቡ። ምልክቱን አላጠፉትም። ያጠፋው ዝናቡ ነው። በነጋታው ስሄድ ከበሩ ስር ቀይ ውኃ ብቻ ነበር። ሌላ ጡብ ልፈልግ ብዬ፣ ድምፃቸው ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

መስቀል ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ ከእንቅልፌ ስነቃ ማዶ ድንኳን ተተክሏል።

ዛሬ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ከከተማው ስለ መንገዱ ነዋሪውን ሊያነጋግሩ ሰዎች ሊመጡ ነበር፤ ሰፈሩ አዳራሽ የለውም፤ ሰማዩ ከብዷል፤ ከግቢ ሁሉ የሚሰፋው የኦቦ ሞቱማ ነው። እኔ ግን ያየሁት ያንኑ ድንኳን፣ ያንኑ ግቢ፣ ከፊት አግዳሚው ላይ ያንኑ ሰው ነው። የጎደለ ሰው ፈለግሁ። እናቴ አለች። አባቴ አለ። ጎረቤቶቻችን ሁሉ አሉ። ማን እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም፤ ሁሉም ግን እንደ ለቅሶ ቤት ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር የሚያወራው። ከእናቴ እግር ስር፣ የጭቃና የእርጥብ ሸራ ሽታ ውስጥ ተቀመጥኩ።

ከከተማ የመጣችው ሰብለወርቅ የምትባል ሴት ነበረች። ቦት ጫማዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት በልብስ መቆንጠጫ ከድንኳኑ ምሰሶዎች ጋር አያይዛ ሰቀለች። ወረቀቱ ንፋስ በገባ ቁጥር እንደ ሸራ ይነፋል፤ በመካከሉ ቀይ መስመር ይወዛወዛል።

"መስመሩን ያሰመርነው እኛ ነን" አለች፤ "የምትኖሩበት ግን እናንተ ናችሁ። ወረቀት ላይ ቀላል የሚመስል ነገር መሬት ላይ ሌላ ነው። ስለዚህ ሳትፈሩ ተናገሩ፤ ይለወጥ የምትሉት ካለ ዛሬ ነው የሚለወጠው።"

መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ ረዘም አድርገው ተናገሩ። ከንግግራቸው የያዝኩት "ሞቱማን ኑ ጋፋቴ" የምትለውን ብቻ ነው። ሞቱማ። እንግዲያው የሚወራው ስለ እሳቸው ነው አልኩ። ቃሉ በኦሮምኛ መንግሥት ማለት መሆኑን የተማርኩት አራተኛ ክፍል ስገባ ነው፤ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ትርጉሙን ሲጠይቅ እጄን አውጥቼ "የሞተ ሰው" ብዬ ክፍሉን ሁሉ አስቄያለሁ። ሽማግሌው "መንግሥት ጠይቆናል፤ እንመልስለት" ነበር ያሉት።

ከዚያ አባቴ ተነሣ። ነጭ እጆቹን ከፊቱ አነባበረ። "እኛ ካርታ የለንም" አለ። "መንገዱ ለሁሉም ነው፤ አይምጣ አንልም። የምንለምነው ልጆቹ የዘንድሮውን ትምህርት እስኪጨርሱ እንድትታገሡን ነው።" ተቀመጠ። ከእኛ ረድፍ ከአባቴ ሌላ የተናገረ የለም።

እናቴ እጇን አወጣች። ብዙ ሰው አላያትም፤ እኔ ግን ነጠላዋን ስትሰበስብ ከስሯ ሆኜ አያለሁ። ብድግ ልትል ስትል ኦቦ ሞቱማ አዩዋት። ለትንሽ ጊዜ ተያዩ። ከዚያ እሳቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ቀድመው ቆሙ።

"መስመሩ በእኔ ግቢ ይሂድ" አሉ። "በቤቴ ላይ። ቤቴ ይፍረስ።"

ሰብለወርቅ ወደ ወረቀቱ ዞረች፣ ተመልሳ ወደ እሳቸው ዞረች። "ኦቦ ሞቱማ፣ እርግጠኛ ነዎት?"

"እኔ ከእንግዲህ ስንት ቀን ልኖር ነው?" አሉ። "የእነዚያ ልጆች ቤት ይቁም።"

ያኔ ገባኝ። ድንኳኑ ማንን ሊወስድ እንደመጣ ገባኝ። ምልክት የሌለበት በር የማን ነበር?

ሰው ሁሉ እንደ አምናው ተሰልፎ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። አንዳንዱ ትከሻቸውን ሳመ። አንዲት ሴት ጉልበታቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ያዟት። "የአባትዎ አጥንት ይለምልም" ይሏቸዋል፤ እኔ አጥንት የሚለውን ሰማሁ። እናቴ እጇን አውርዳ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፍና ታለቅስ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ራሱን እየነቀነቀ፣ ለማንም ሳይሆን ለመንገዱ እንደሚናገር፣ "ሰውዬው ስለ እኛ ሞቱ ማለት እኮ ነው" አለ።

ስለ እኛ የሞተ አንድ ሰው አውቃለሁ። በየእሑዱ እንዘምርለታለን። ስለዚህ አላለቀስኩም። መጠበቅ ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ጉሙ ከወትሮው ወፍራም ነበር። እናቴን እስከ መታጠፊያው ሸኝቼ ስመለስ አየኋቸው። ባቄላው ማሳ ውስጥ ነጭ ጋቢ ለብሰው ቆመዋል። ከወገባቸው በታች ጉም ነው። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ። ልክ በሦስተኛው ቀን። መነሣታቸው አልገረመኝም፤ የገረመኝ ከእኔ ሌላ ሊያይ የመጣ ሰው አለመኖሩ ነው።

ቀስ ብዬ ተጠጋሁ። "እጅዎን ልንካ?"

ሰጡኝ። ሞቃት ነበር፤ የላም ሽታ ነበረው።

"ሞተዋል አይደል?"

"እኔ? ማን አለሽ?"

"አባዬ። ስለ እኛ ሞቱ አለ።"

ኦቦ ሞቱማ እጃቸውን ከእጄ ሳያወጡ ወደ ቤቶቻችን አዩ። ጉሙ በሮቹን ሸፍኗቸው ቀያዮቹ ምልክቶች ብቻ አየር ላይ የተንጠለጠሉ ይመስሉ ነበር።

"እናትሽስ ምን አለች?"

"ምንም። አለቀሰች።"

ኦቦ ሞቱማ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ከዚያ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጠርገው "አባትሽ ካለ እንግዲህ ሞቼ ይሆናል" አሉ። "ግን ለሰው አትንገሪ። ሰው ይደነግጣል።"

"ላሞቹስ ያውቃሉ?"

"ላሞቹ ያውቃሉ።"

ይህንን ነው ዘመኔን ሁሉ የጠበቅሁት። ቤታቸውን ሲያፈርሱ አላዘንኩም፤ የሞተ ሰው ትልቅ ቤት ምን ያደርግለታል? የሰፈሩ ወንዶች ቆርቆሮውን አወረዱ፣ አረንጓዴውን በር ነቅለው አጥሩ ላይ አስደገፉት። ከዚያ በባቄላው ማሳ ጥግ ላይ ሌላ፣ ትንሽ ቤት ጀመሩላቸው። ሴቶቹ ጭቃ ረገጡ፤ ኦሮምኛውም ወላይትኛውም ዘፈኑም መዝሙሩም ተደባለቀ። አባቴ ግድግዳውን በነፃ ለሰነ፤ እንዲያ ተጠንቅቆ የለሰነው ቤት አላየሁም። እኔ መቃብር እየሠሩላቸው መሆኑን ስላወቅሁ አባቴን "ለምን መስኮት አወጣህለት?" አልኩት። "ብርሃን እንዲገባ ነዋ" አለኝ። ትክክል መሰለኝ።

መንገዱ መጣ። መጀመሪያ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጠጠር፣ ቀጥሎ ባጃጅ። እናቴ ቦት ጫማዋን አልጋ ስር ወረወረችው። በሮቻችን ላይ የነበረውን ምልክት አባቴ ሰማያዊ ቀለም ቀባበት። ኦቦ ሞቱማ ሁለተኛ ሲሞቱ፣ ይህ ሰው ሁሉ ያወቀው ሞት ነው፣ እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ያኔማ ልጅ አልነበርኩም፤ አባቴ "ስለ እኛ ሞቱ" ሲል ምን ማለቱ እንደነበር ገብቶኛል። ለእንግዳ ሰዎች ቤታቸውን የሰጡ ደግ ሽማግሌ ነበሩ አልኩ። ታሪኩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

አሁን የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ባለቤቴ እዚያ ጋራዥ አለው። ባለፈው እሑድ እናቴ ደወለችልኝ። አባቴ ሰበታ ሥራ ስለያዘ ቤት አልነበረም። "ከሰዓት ስብሰባ አለ። ብቻዬን ልሄድ አልፈለግሁም፤ ነዪ" አለችኝ። ስደርስ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፋብሪካውን ትታ ትንሽ ሱቅ ከፍታለች። ቤታችን ካርታ ከወጣለት ቆይቷል፤ የግንብ አጥርም አለው። ከመንገዱ ማዶ፣ ርቀው ይኖሩ የነበሩት የኦቦ ሞቱማ ልጆች ባሠሯቸው ረድፍ ክፍሎች ውስጥ፣ አዲስ የመጡ ተከራዮች ይኖራሉ።

"የምን ስብሰባ ነው?" አልኳት።

"መንገዱን ሊያሰፉት ነው። ለጎርፉ ትልቅ ቦይ ያስፈልጋል።" እጆቿን ጉልበቷ ላይ እያሻሸች "ሩታ፣ ኦቦ ሞቱማ ቤታቸውን የሰጡ ጊዜ ታስታውሺያለሽ?" አለችኝ።

"እንዴት እረሳዋለሁ?"

"ችካሉ መጀመሪያ የተቸከለው እሳቸው ግቢ ውስጥ ነበር።"

አልገባኝም።

"ጠዋት ለሥራ ስወጣ አይቼዋለሁ። እዚያ፣ በበራቸው ስር። በሳምንቱ ተነቅሎ ወደኛ መጣ። ኦቦ ሞቱማ ሄደው የመንገዱን ሰዎች አነጋግረዋል። 'እነዚያ ካርታ የላቸውም' ብለዋል መሰለኝ። ውሸት አይደለም፤ በሕጉም ልክ ነው። የአባታቸው መሬት ነው፤ ሚስታቸው የሞተችበት ቤት ነው። አልፈርድባቸውም።"

"አባዬ ያውቃል?"

"ማንም አያውቅም። ድንኳኑ ውስጥ እጄን ያወጣሁት ያንን ልናገር ነበር። ፈራሁ። እሳቸው የአገሩ ሰው፣ እኔ መጤ፤ ማን ያምነኛል? ግን አዩኝ። ልናገር መሆኑን አወቁ። ቀድመውኝ ተነሡ።"

በመንገዱ ላይ አንድ ባጃጅ አለፈ። እናቴ እስኪያልፍ ጠበቀች።

"የድንኳኑ ዕለት ማምሻውን በራችን ላይ መጥተው ቆሙ። አልገባም አሉ። 'ልጅሽን ላክሽብኝ' አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። 'ኧረ እኔ አልላክኋትም፤ ራሷ ነች የምትመጣው፤ ስለምትወድዎት ነው' አልኳቸው። እሱን ስላቸው ፊታቸውን አዞሩ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው፤ ለአዴ ድንቅቱ እንኳ ሰው ፊት አላለቀሱም።"

ይኸኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የነገርኳት፤ የጡቡን ስባሪ፣ ግብፅን፣ አረንጓዴውን በር፣ "የእርስዎን ረስተውት ነው" ማለቴን። እናቴ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስጨርስ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ መሀል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና መዳፏን አፏ ላይ አደረገች።

"እኔ አውቄ የላክሁሽ መስሏቸው ኖሯል" አለች። "ቅዳሜ እስኪደርስ ምን ሲያስቡ ከረሙ? አንቺ እንዳይሞቱ ነበር የፈለግሽው።"

"አዎ።"

"እኔም እስኪሞቱ ድረስ ወጥ አመላልስላቸው ነበር። አንድም ቀን አላነሣነውም።"

ሰዓቱ ደርሶ ስለነበር ነጠላዋን አንሥታ ቆመች። በር ላይ ስንደርስ ከአጥራችን ስር አፈሩ የተቆፈረ ትንሽ ቀዳዳ አየሁ፤ ችካል የተነቀለበት ቀዳዳ። እናቴ ማየቴን አየች። ቀድማኝ ወደ መንገዱ ወጣች።

ስብሰባው ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ነበር። አንድ ወጣት ባለሙያ ፕላኑን ግድግዳው ላይ በብርሃን አሳየ። ሰማያዊው ቦይ ከአስፋልት ይነሣል፣ በመንገዱ ዳር ይወርዳል፣ እኛ አጥር ጋ ሲደርስ ይታጠፍና ወደ ማዶ፣ ወደ ተከራዮቹ ክፍሎች ይሻገራል።

"አስተያየት ያላችሁ?" አለ።

እናቴ ተነሣች። ያኔ ድንኳኑ ውስጥ እንዳደረገችው ነጠላዋን ሰበሰበች።

"ተስፋነሽ እባላለሁ" አለች። "ያ ቦዩ የሚታጠፍበት አጥር የእኔ ነው። ችካሉ እኔ ጋ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ቢሯችሁ መጥቼ ወደ ማዶ አሳልፉልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ማዶ ያሉት ተከራይ ናቸው፣ አይናገሩም ብዬ ነው። እነሱ ባሉበት ልናገረው ብዬ መጣሁ። ወደ ቦታው መልሱት።"

ወጣቱ ወደ ግድግዳው ዞረ። እናቴ አልተቀመጠችም። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሕፃን ያዘለች፣ የማላውቃት አንዲት ሴት ነበረች። ሕፃኑን ወደ ላይ ነቀል አድርጋ እጇን አወጣች።

"ማዶ ያለሁ ተከራይ ነኝ፤ እኔም የምናገረው አለኝ" አለች፤ የአዳራሹ ሰው በሙሉ ወንበሩን እያንቋቋ ወደ እሷ ዞረ።